ስለ ጠሪና ስለ ሰሚ

ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ የሌላውን ሰው እጅ ይፈልጋል፤ አንደኛው ገና መሄድ ሳይማር በሕፃንነቱ ነው፤ ሁለተኛውም ጉልበቱ ሲደክምና ዓይኑ ሲፈዝ በእርጅናው ነው። ነገር ግን በነዚህ በሁለቱ ዘመናት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሕፃን በወደቀ ጊዜ ይጮኻል፤ እናቱም በአጠገቡ ስላለች ፈጥና ታነሣዋለች። ሽማግሌ ግን በወደቀ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ቢጮኽም የሚሰማው አያገኝም፤ የሚሰማው ቢኖር እንኳ ሰው አስቸገርሁ ብሎ ያፍራል። ስለዚህ በቤታቸው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፥ ደግሞም በአንገት ስለሚንጠለጠለው የመጥሪያ መሣሪያ ያየሁትንና ያሰብሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል ወደድሁ።

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር አገር ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከእርስዋ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ አንኮበርም ዳገትዋና ቁልቁለትዋ የበዛ፥ በክረምት ጉሙ ከገደል ወጥቶ ደጃፍን የሚሸፍንባት አገር ናት። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሌሊት ለሽንት ወደ ደጅ ሲወጣ የረጠበው ድንጋይና ያዳለጠው ጭቃ ጠላቱ ነው። ቀድሞ ግን አንድ ነገር ያድነው ነበረ፤ ይኸውም ቤቱ በሰው የተሞላ መሆኑ ነው። ልጅ፥ የልጅ ልጅ፥ ሠራተኛና እንግዳ በአንድ ጣራ ሥር ስለሚያድሩ ሽማግሌው ቢያስል እንኳ የሚነቃ ሰው አይጠፋም ነበረ።

ዛሬ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ከቀዬው ወጥቷል። አንዱ በ2011 ዓ.ም. በተከፈተው በደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ መንደር ተቀጥሯል፤ ሌላው አዲስ አበባ ገብቷል፤ ሌላይቱ ወደ ዐረብ አገር ተሻግራለች፤ ሌላውም አሜሪካ ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከተላከው ገንዘብ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ብዙ እናትም መድኃኒት ገዝታለች። ሆኖም በቆርቆሮው ቤት ውስጥ የሚያድረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

መውደቅ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የዓለም ጤና ድርጅት የጻፈውን ይመልከት። በየዓመቱ 684 ሺህ የሚያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት ይሞታል፤ ከነዚህም ከመቶው ከሰማንያ የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ በዚህ ሞት ይልቁን የሚጎዱትም ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈው ናቸው። ደግሞም ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሰውን የሚጎዳው ውድቀቱ ብቻ ሳይሆን ከወደቁ በኋላ ሳይነሡ መቆየቱ ነው። በመሬት ላይ ለብዙ ሰዓት የተጋደመ ሽማግሌ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ይጠማዋል፤ የተኛበት ወገን ቆዳው ይቆስላል፤ የተጨቆነውም ጡንቻ እየተበላሸ መርዙ ወደ ደም ገብቶ ኵላሊትን ይጎዳል። እንግዲህ በደጋ አገር ከሌሊት እስከ ጧት በቀዝቃዛ መሬት ላይ መዋል ምን እንደሚያደርግ አንባቢው ራሱ ይገምተው።

አባቶቻችን ለዚህ መፍትሔ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በአምባና በሸለቆ በተከፋፈለው አገራችን ኡኡታ ከአንዱ ተረተር ወደ ሌላው ተረተር ይሻገራል፤ ኡኡታን ሰምቶ ዝም ያለ ሰውም በአገር ሸንጎ ይወቀሳል። ደግሞ ጧት ጧት ከየቤቱ ጣራ የሚወጣው ጢስ የሰውን ደኅንነት ይናገራል፤ የእከሊት ቤት ዛሬ አልጨሰም ሲባል ጎረቤት ምን ነካት ብሎ ይሄዳል። የቡናውም ጥሪ እንዲሁ ነው፤ ቡና ስትጠራ የቀረች ሴት ሳትጠየቅ አትውልም። ነገር ግን ኡኡታ ጉልበትና ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ጢሱም የሚታየው ከነጋ በኋላ ነው። በሌሊት ለሚወድቅ ሰው፥ ድምፁም ለደከመ ሰው፥ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

በሌላውም ዓለም ይህ ችግር ሰዎችን አሳስቧል። በጀርመን አገር ቪልሄልም ሆርማን የተባለ ሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አረጋውያን ከቤታቸው ሳይወጡ እርዳታ የሚጠሩበትን መሣሪያ አወጣ። በአሜሪካም አንድሩ ዲብነር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር በ1974 እ.ኤ.አ. ላይፍላይን የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሽማግሌው በአንገቱ ወይም በእጁ ትንሽ ቁልፍ ያንጠለጥላል። ቁልፉን በተጫነ ጊዜ ያለ ሽቦ ምልክት ወደ አንድ ሣጥን ይተላለፋል፤ ሣጥኑም ከስልክ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ሌሊትና ቀን ሰው ወደማይጠፋበት ወደ ጥበቃ ቤት ይደውላል። በዚያ ያለው ዘበኛ የማን ቤት እንደ ሆነ አውቆ በድምፅ ማጉያው ይጠይቃል፤ መልስ ባጣ ጊዜ ወይም ችግሩን በሰማ ጊዜ ለጎረቤት፥ ለልጅ ወይም ለአምቡላንስ ይነግራል። በኋላም የሰውነትን ድንገተኛ ንቅናቄ የሚለካ ዕቃ በውስጡ ስለ ገባ ሰውየው ቁልፉን ባይጫን እንኳ መውደቁን ራሱ ዐውቆ የሚጠራ መሣሪያ ተሠራ። በእጅ ሰዓት ውስጥም ይህ ጥበብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጨምሮ ይሸጣል።

በእኛ አገር ለብዙ ሰው የሚቀርበው ግን ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ መሣሪያ፥ ወይም በጀርባው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ያለበት ተራ የእጅ ስልክ ነው። ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ ተጭነው ሲይዙት አስቀድሞ የተጻፉለትን አራት ወይም አምስት ቁጥሮች በተራ ይደውላል፤ አንዱ ባያነሣ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። የጥበቃ ቤት ዘበኛ ስለሌለው ዘበኞቹ ቁጥራቸው የተጻፈው ሰዎች ናቸው። የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው በዚህ ስለ ሆነ አንባቢው ይህን ልብ እንዲለው እለምናለሁ።

ለአዲስ ዕቃ መጠራጠር በእኛ አገር የቆየ ነው። ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን ባስገቡ ጊዜ፥ ድምፅ ያለ አካል ሲመጣ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ፈሩ ይነገራል። በ1886 ዓ.ም. ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር መዘርጋት ከተጀመረ ወዲህ ግን ፍርሃቱ ጥቂት በጥቂት ጠፋ፤ ዛሬ በገጠር ደብር ያለው ካህን እንኳ በቀሚሱ ኪስ ስልክ ይይዛል። አሁን በአረጋውያን ዘንድ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ይህንም ከአክስቴ ተማርሁ።

አክስቴ በአንኮበር አጠገብ የሚኖሩ፥ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የቀሩ፥ ሰማንያኛ ዓመታቸውን የሚቃረቡ ባልቴት ናቸው። ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ከእኔ ጋር እንዲቀመጡ ብዙ ጊዜ ለመንኋቸው፤ እርሳቸው ግን፦ «የባሌ መቃብር፥ የሰንበቴዬም ማኅበር እዚህ ነው፤ እዚያ መጥቼ መስኮት ስጠብቅ አልውልም» አሉኝ። ይህ ቃል የብዙ ሽማግሌዎች ቃል ነው፤ ክፉም ቃል አይደለም። ሰው ያረጀበትን ደጃፍ መውደዱ ሊከበርለት ይገባል።

በዋሽንግተን የሚኖረው የልጅ ልጃቸው በመጀመሪያ ያሰበው ቤታቸውን ከዚያ ሆኖ የሚያይበት ካሜራ መትከል ነበረ። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበረ ሐሳቡ ከንቱ ሆነ። ስለዚህ በተራ የስልክ ጥሪ የሚሠራውን ባለ ቁልፍ መሣሪያ ገዝቶ በሰው እጅ ላከላቸው፤ የሚጠራቸውንም ቁጥሮች ራሱ ጽፎ፥ የራሱን ቁጥር በመጀመሪያ፥ የእኔን በሁለተኛ፥ የጎረቤታቸውን በመጨረሻ አደረገ።

አክስቴ መሣሪያውን ተቀብለው መረቁት፤ በነጭ ጨርቅም ጠቅልለው ከሙዳያቸው ውስጥ አስቀመጡት። በሄድሁ ጊዜ፦ «እትዬ፥ ይህ እኮ በአንገትዎ የሚውል ነው» ብላቸው፦ «ልጄ፥ ለክፉ ቀን ይቆይ ብዬ ነው፤ በየዕለቱ ለብሼው ቢበላሽስ? ደግሞ ምን ሆነች ይሉኛል፤ እኔ እንደሆነ ገና በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ» አሉኝ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ዕቃ በክፉ ቀን ከሙዳይ ወጥቶ ወደ ወደቁበት እንደማይመጣ ብነግራቸው ሳቁ፤ ሆኖም አላጠለቁትም።

ይህን የአንኮበር ባልቴት ጠባይ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ዕድሜያቸው ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነ 110 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትለው የተመረመሩበት ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከነዚህ ሰዎች 66ቱ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደቁ፤ ከወደቁትም 53ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸው መነሣት አቃታቸው፤ 20ዎቹም አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በወለል ላይ ተጋድመው ቆዩ። ብዙዎቹ የመጥሪያ መሣሪያ ነበራቸው፤ ነገር ግን ረዥም ጊዜ በተጋደሙበት ጊዜ አብዛኛውን አልተጠቀሙበትም። አንዱ አላጠለቀውም ነበረ፤ ሌላው ራሴ እነሣለሁ ብሎ ታገለ፤ ሌላውም መጥራት ራስን አለመቻል መሰለው። እነሆ፥ ባለጠጋው አገር መሣሪያውን ከሰጠ በኋላ የሰውን ልብ ማሸነፍ ቀረው። ጨዋ ሰው አያስቸግርም የሚለው አሳብ በካምብሪጅም በአንኮበርም አንድ ነው።

የአክስቴን ልብ ያሸነፉት የንስሐ አባታቸው ናቸው። አንድ ቀን ለጸበል መርጨት መጥተው ነገሩን ከሰሙ በኋላ፦ «እትዬ፥ ማተብዎ ክርስቲያን መሆንዎን ለሰው ይናገራል፤ በሙዳይ ቢያስቀምጡት ማን ያውቅልዎታል? ይህም ገመድ ቢወድቁ መውደቅዎን ይናገርልዎ። እርዳታ መጥራት ልመና አይደለም፤ እኛም የሚጠራን ባናገኝ ጽድቁን ከየት እናመጣዋለን?» አሏቸው። አክስቴ ዝም አሉ፤ ካህኑም ሲሄዱ ጨርቁን ፈትተው መሣሪያውን ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው አዋሉት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአንድ የእሑድ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ በደጃፉ ድንጋይ አድጧቸው ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ጉልበታቸውም አልታዘዝ አላቸው። ቁልፉ በአንገታቸው ሳለ ለብዙ ጊዜ አልተጫኑትም፤ «ሲነጋ ሰው አይጠፋም፤ የተኛ ሰው ምን ብዬ እቀሰቅሳለሁ» ብለው እንደ ነበረ በኋላ ነገሩኝ። ብርዱ ከአጥንታቸው በገባ ጊዜ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፥ ተጫኑት። ጥሪው ባሕር ተሻግሮ ዋሽንግተን ደረሰ፤ በዚያ አገር ገና ምሽት ስለ ነበረ የልጅ ልጃቸው አነሣ። እርሱም ወዲያው ለእኔ ደወለ። እኔም በደብረ ብርሃን ሆኜ ለጎረቤታቸው ደወልሁ፤ የጎረቤታቸው ስልክ ግን ለሌሊቱ ተዘግቶ ነበረ። ስለዚህ ወደ ካህኑ ደወልሁ፤ እርሳቸው ለእሑድ ማኅሌት ተነሥተው ነበሩና በባትሪ መብራት ጉሙን ሰንጥቀው፥ መንገዳቸውንም ሲያልፉ ጎረቤትን ቀስቅሰው ደረሱላቸው። ቁልፉ ከተጫነ እስኪደርሱላቸው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አለፈ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ነገሩን አሰላሰልሁት። አክስቴ የወደቁበት ደጃፍና የጎረቤታቸው ደጃፍ የሚራራቁት ከሠላሳ እርምጃ አይበልጥም። ድምፃቸው ግን ሠላሳውን እርምጃ ለመሻገር መጀመሪያ አሜሪካ ሄደ፤ ከአሜሪካም ደብረ ብርሃን ተመለሰ፤ ከደብረ ብርሃንም ወደ አንኮበር ወጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረታችን በመሣሪያው ላይ ተገልብጦ ተጽፎ ነበረ። የልጅ ልጃቸው ራሱን በመጀመሪያ ያስቀመጠው ከፍቅሩ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ፍቅር ከባሕር ማዶ ሆኖ የወደቀን ሰው ክንድ ይዞ ሊያነሣ አይችልም።

ስለዚህ ቁጥሮቹ ተለወጡ። ጎረቤት አንደኛ፥ የጎረቤት ልጅ ሁለተኛ፥ የንስሐ አባት ሦስተኛ፥ እኔ አራተኛ፥ የልጅ ልጃቸው አምስተኛ ሆንን። ጎረቤታቸውም ስልኩን በሌሊት እንዳይዘጋ ቃል ገባ። መሣሪያው ዘወትር ቅዳሜ ማታ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ባትሪው እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስም አንድ ጊዜ ተጭነው ይሞክሩታል፤ የሲም ካርዱንም ሂሳብ የልጅ ልጃቸው ከዚያው ሆኖ ይሞላል። የወደቀን ሽማግሌ እጁን ጎትቶ ማንሣት እንደማይገባ፥ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ መስሎ ቢታይ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ይሆናልና ለወጌሻ ሳይሰጥ በጋቢ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ማድረስ እንደሚሻል ለጎረቤቶቹ ተነገረ። ተሽከርካሪ በሚደርስበት ስፍራም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ቁጥር እንደሚጠራ በግድግዳው ላይ በትልቁ ተጻፈ።

አክስቴ እጃቸው ከዳነ በኋላ የተናገሩት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የእድራቸው ዳኛና ጸሐፊ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ እንዲህ አሏቸው፦ «እድሬን ሠላሳ ዓመት ከፍያለሁ። ስሞት ጡሩንባ እንደሚነፋልኝ፥ ድንኳንም እንደሚተከልልኝ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ድንኳኑ ይቆየኝና አሁን ስወድቅ አንድ ሰው ይነሣልኝ።»

ይህ ቃል የእድሩን ሰዎች ነካቸው። እድር በእውነት የሚያስመካ ሥራችን ነው፤ በሌሊት ጡሩንባ ቢነፋ ሀብታሙም ድኻውም ከአልጋው ይነሣል፤ ማንም ደክሞኛል ብሎ አይቀርም። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚነሣ ሕዝብ ወድቆ ለሚያቃስት ሰው ለመነሣት ምን ያንሰዋል? የጎደለው የሚያስታውቅ ነገርና ተራ የያዘ ሰው ብቻ ነበረ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ብቻቸውን የሚያድሩት አባሎች ስም ተጻፈ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት የቅርብ ቤቶች ተመደቡ። የእጅ ስልክ ያለው የተመደቡለት ቤቶች ቁጥር በመጀመሪያ ተጻፈለት፤ ስልክ ለሌለው ወይም ቤቱ ከተረተር ጀርባ ስለ ሆነ ኔትወርክ ለማይደርሰው ደግሞ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ፊሽካ ተገዛለት፤ ፊሽካ እንደ ኡኡታ ብዙ ትንፋሽ አይፈልግምና። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ጢሱ ያልታየውን ቤት ሄዶ ማንኳኳትም ግዴታ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ከእድሩ ሣጥን የወጣው ገንዘብ ለአንድ የሐዘን ቀን ከሚወጣው ያነሰ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህ የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ነው ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ መንግሥት መንገዱን፥ መብራቱንና አምቡላንሱን ሊያበዛ ይገባዋል። ሌላውም የልጆች ግዴታ ነው ይላል፤ ይህም እውነት ነው፤ ገንዘብ የላከ ልጅ ድምፁንም መላክ አለበት። ነገር ግን በሌሊት ስምንት ሰዓት በጉም ውስጥ መንግሥትም ሩቅ ነው፤ ልጅም ሩቅ ነው። ሠላሳ እርምጃ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። መሣሪያው ሊያደርግ የሚችለው የደከመውን ድምፅ አንሥቶ ከዚያ ጎረቤት ጆሮ ማድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር የሚሠራ ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ካህናት፥ ለንስሐ ልጆቻችሁ ቤት ስትገቡ በሙዳይ የተቀመጠ መሣሪያ ቢኖር ከአንገት እንዲውል ንገሩ፤ ቃላችሁ ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማልና። በከተማና በውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም መሣሪያውን ስትልኩ የራሳችሁን ቁጥር ከመጨረሻው ላይ ጻፉ፤ የጎረቤቱንም ስም ጠይቃችሁ ዕወቁት፥ በበዓልም እንኳን አደረሰህ በሉት፤ በእናታችሁ ደጅ የምትጠሩት እርሱን ነውና። የእድር ዳኞች ሆይ፥ በመዝገባችሁ የሟቾች ስም በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ከዚያው መዝገብ አንድ ገጽ ብቻቸውን ለሚያድሩት ስጡ። እግዚአብሔር አረጋውያኖቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሚጠሩትም ሰሚ አያሳጣቸው።